የጋሼ ኤሚል የቆርቆሮ ዋንጫ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሐያት ዕቃዬን ልትሸክፍልኝ መጥታ ነበር። ጉልበቴ ደረጃ አልወጣም ስላለ ካልቨር ሲቲ እሷ ቤት ልገባ ነው። እኔ ወንበር ላይ ተጎልቼ "ያንን አትጣይ፣ ይህንን ተይው" እላለሁ፤ እሷ ስልኳን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ወትፋ ከሰው ጋር እያወራች ያለ ርኅራኄ ወደ ካርቶን ትወረውራለች። የማልለብሰው ኮት፣ የማይሠራ ቴፕ፣ ክራቸው የተበጣጠሰ ካሴቶች። ከዚያ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ዋንጫውን አወረደችው። እፍ ብላ አቧራውን አራገፈችና ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች።

"ባባ፣ ይሄ ከንፈሩ ላይ ተጎድቷል። ዌስትውድ የማውቀው ልጅ አለ፣ ሜታል ይሠራል፤ ፊክስ ያደርግልሃል።"

"አስቀምጪው" አልኳት።

"የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሶ—"

"አስቀምጪው ብዬሻለሁ፤ አትሰሚም እንዴ?"

ሐያት ሠላሳ አምስት ዓመት ያለፋት፣ በሥሯ ሰው የምታሠራ ሴት ናት። እንዲህ ተቆጥቻት አላውቅም። ስልኩን ዘጋችው። ዋንጫውን ቀስ ብላ ጭኔ ላይ አስቀመጠችና ፊት ለፊቴ ካርቶን ላይ ቁጭ አለች። "ኦኬ፣ ንገረኝ" አለችኝ። ያን ዕለት ግማሹን ብቻ ነው የነገርኳት። የቀረው አልወጣ አለኝ።

እሷ የምታውቀው የሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ የአገራችን ስም በመንገዱ ምልክት ላይ የተጻፈበትን፣ ሰው ከምግብ ቤት ምግብ ቤት እየዞረ በአማርኛ ሰላም የሚባባልበትን ነው። እኔ ስመጣ እንዲያ አልነበረም። አማርኛ መስማት ያማረው ሰው ወደ ቤንዚን ማደያ ወይ ወደ መኪና ማቆሚያ ነበር የሚሄደው፤ ያገር ልጅ የሚገኘው እዚያ ነው። ቤንዚን በርካሽ ይቀዳ ነበር፤ እኔ ግን መኪና አልነበረኝም፣ የሰው መኪና ፓርክ አደርጋለሁ እንጂ። ልብስ እንደሆነ፣ ያ ዘመን የትከሻ ዘመን ነበር። ወንዱም ሴቱም ትከሻው ውስጥ ስፖንጅ የተወተፈበት ኮት ይለብሳል። እኔም ዌስት አዳምስ ከአሮጌ ልብስ መደብር በአራት ዶላር የገዛሁት ግራጫ ነበረኝ፤ እሱን ለብሼ በር ሳልፍ በጎኔ መግባት ያለብኝ ይመስለኝ ነበር። ፀጉር ደግሞ በቅባት ረጥቦ ነው የሚኬደው፤ የአውቶቡሱ ወንበር ጀርባ ሁሉ የጭንቅላት ቅርጽ ታትሞበታል። ካሴት ከአገር ይመጣል፤ አንዱ ከአንዱ እየገለበጠ እኔ ዘንድ ሲደርስ ዘፋኙ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል። ቢሆንም እንሰማው ነበር፤ ክሩ ሲነክስ በእርሳስ እያጠነጠንን።

ከሥራ ስወጣ አውቶቡስ የምይዝበት ጥግ ላይ አንድ ጫማ ጠጋኝ፣ አንድ ዳቦ ቤት፣ ከዳቦ ቤቱ ጎን ደግሞ መስኮቱ የደበዘዘ ጠባብ ሱቅ ነበር። መስኮቱ ውስጥ ጽዋ፣ ማንቆርቆሪያ፣ እጀታ ያላቸው ትልልቅ መጠጫዎች ተደርድረዋል፤ ሁሉም ግራጫ፣ ብር የሚመስሉ ግን ብር ያልሆኑ። አንድ ቀን አውቶቡሱ ዘግይቶብኝ እዚያ ቆሜ ሳለ ከውስጥ የመፋቅ ድምፅ ሰማሁ። ክርርር ይልና ያርፋል፤ እንደገና ክርርር። አባቴን ሰማሁት ብል ይሻላል።

አባቴ ወሎ ውስጥ ዋንጫ ሠሪ ነበር። የበሬ ቀንድ በእሳት አለስልሶ፣ በእንጨት ቅርጽ ወጥሮ፣ በቢላ ፍቆ ፍቆ፣ በመጨረሻ በቅቤ ወልውሎ የሚያወጣው ዋንጫ ብርሃን ያሳልፋል። በሰዉ ሠርግ ሁሉ በእሱ ዋንጫ ይጠጣል፤ እሱን ግን ከበሩ አጠገብ ነበር የሚያስቀምጡት። ሠሪ ነዋ። በአፍ የማይነሣ ስም ያወጡልናል፤ ልጅ ሆነን ዓይናችንን እንኳ ይሸሹት ነበር። እኔ ይህን ጠልቼ ነው ወደ ትምህርት ቤት የሮጥኩት። አባቴ ቢላውን ሊያስይዘኝ ሲጠራኝ ደብተር አንሥቼ እወጣለሁ። አንድም ቀን "ለምን?" አላለኝም። አገር ጥዬ ስወጣም አላየሁትም፤ ሲሞት የሰማሁት በደብዳቤ ነው።

እንግዲህ ያ ድምፅ ነው እየጎተተ ያስገባኝ። ከማሽን ጀርባ የቆዳ ሽርጥ የታጠቁ፣ ነጭ ፀጉራቸው የቆመ ሽማግሌ ብቅ አሉ። ምን ልገዛ መጣሁ እንደምል ግራ ስለገባኝ "አባቴ ዋንጫ ሠሪ ነበር" አልኳቸው በዚያች ስብርብር እንግሊዝኛዬ። ይህን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሽማግሌው መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፍተው "ከምን ይሠራ ነበር?" አሉ። "ከቀንድ" አልኳቸው። "እጅህን አሳየኝ" አሉኝ። አሳየኋቸው። "ይሄ የሹፌር እጅ ነው፤ ይሻሻላል" አሉና በማግስቱ እንድመጣ ነገሩኝ።

ስማቸው ኤሚል ነው። መጀመሪያ "ሚስተር" እላቸው ነበር፤ ስንላመድ ከአፌ አምልጦኝ "ጋሼ" አልኳቸው። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ። "ለሚከበር ትልቅ ሰው የሚባል ነው፤ የታላቅ ወንድም ዓይነት" አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ "ሚስተር" ብዬ ስጠራቸው መስማት አቆሙ።

የሚሠሩበትን ብረት ፒውተር ይሉታል። አብዛኛው ቆርቆሮ ነው፤ ጣራ የምንከድንበት ሳይሆን ንጹሑ፣ ነጩ፣ ለስላሳው። በጭልፋ አቅልጠው በናስ ቅርጽ ውስጥ ያፈሱታል፤ ሲረጋ ማሽን ላይ እያሽከረከሩ ይፍቁታል። መቅለጡን የሚያውቁት በጋዜጣ ነበር። የጋዜጣ ቁራጭ ይነክሩበታል፤ ወረቀቱ ቡናማ ከሆነ ደርሷል፣ ከጠቆረ በዝቷል። የመጀመሪያው ቀን የነገሩኝ ይህንኑ ነው፦ "ይህ ብረት እሳት አይችልም። ምድጃ ላይ ረስተኸው ከዞርክ ስትመለስ የለም።" እኔም እሺ ብያለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ እጄ እያቀለጥኩ ሠርቻለሁ። አላወቅኩም የምልበት ቀዳዳ የለኝም።

ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ለብቻው የተቀመጠ አንድ ዋንጫ ነበር። አይሸጥም። አባታቸው ናቸው የሠሩት፤ ስሟን እስከ ዛሬ አስተካክዬ ልጠራት የማልችል አንዲት የአውሮፓ ከተማ ውስጥ። ጋሼ ኤሚል ጥርስ ሲያበቅሉ ድዳቸው እያሳከካቸው የዋንጫውን ከንፈር ነክሰውታል፤ ሁለት ትንንሽ ስርጉድ፣ ከጎኑ ደግሞ ደብዘዝ ያለ ሦስተኛ። አባትየው በሞረድ ሊያስተካክለው ሲነሣ እናትየው "ልጄ የፈረመበትን አትንካ" ብላ ነጠቀችው። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከቤቱ የወጡት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ዋንጫውን በወፍራም ካልሲ ውስጥ ከትተው። ስለቀሩት ሰዎች አላወሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ለሽያጭ እንዲሆን ከዋንጫው ላይ የናስ ቅርጽ አውጥተው አምሳያውን እንሠራ ነበር። ዋናውን ግን አንዳንዴ ያወርዱና አውራ ጣታቸውን በከንፈሩ ላይ ያዞራሉ፤ ስርጉዷ ላይ ሲደርሱ ያቆማሉ። ከዚያ መልሰው እላይ ያስቀምጡታል።

በሦስተኛው ዓመት ታመሙ። ሆዳቸው ከወተት በቀር አልቀበልም አለ፤ ዓይናቸውም ጨለመ። ከሱቁ በስተኋላ ባለችው ክፍል ተኙ፤ ጠዋት ጠዋት አንዲት ነርስ ትመጣለች፣ ከሰዓት እኔ እቀመጣለሁ። አንድ ቀን የወተቱን ኩባያ ገፋ አድርገው "ይሄ የፕላስቲክ ጣዕም አለው" አሉኝ። እኔም ለማጫወት ብዬ እናቴ የወተት ዕቃ በወይራ ጭስ እንደምታጥን ነገርኳቸው። የወይራ ስንጥር ፍም ላይ ይደረጋል፣ ዕቃው በላዩ ይደፋል፣ ጭሱ ሲገባበት ወተቱ ይጣፍጣል፣ ቶሎም አይበላሽም።

"ጭስ ያለበት ወተት?" ብለው ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ "የአባቴን ዋንጫ አውርደው" አሉኝ። "አርባ ዓመት ሙሉ አልጠጣሁበትም። እንደ እናትህ አድርገህ በእሱ አምጣልኝ። ስሞት ደግሞ ያንተ ነው።"

ተጠንቀቅ አላሉኝም። ሁለት ዓመት ላስተማሩት ሰው ይህ አይነገርም።

ያኔ የምኖረው ዌስት አዳምስ ነበር፤ ከእኔ ክፍል ጎን እትዬ ዘሃራ የሚባሉ የወሎ ሴት ይኖሩ ነበር። የዚያ ሰፈር ልጅ ሁሉ እናት ናቸው። ወይራ እንደሆነ ሎስ አንጀለስ የመንገድ ዳር ዛፍ ነው፤ ከጎረቤት አጥር የተቆረጠ ቅርንጫፍ አድርቀው ያስቀምጣሉ። "የአገራችንን ያህል አይሸትም፣ ሰነፍ ነው" እያሉ ያሙታል እንጂ ከእሱ አይለዩም። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዋንጫውን ይዤ ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ትንሿን የሥጋ መጥበሻ በከሰል አቀጣጥለው ጠበቁኝ። በቅርቡ አሮጌ መኪና ገዝቼ ነበር፤ ያን ቀን መንገድ የሚጠረግበት መሆኑን ረስቼ በር ላይ አቁሜዋለሁ። ገና ዋንጫውን ከማስረከቤ ከታች አንዱ "ፖሊሱ የቅጣት ትኬት እየጻፈልህ ነው!" ብሎ ጮኸ።

ደረጃው ላይ ሳለሁ እትዬ ዘሃራ ከኋላዬ "ልጄ፣ ፍሙ ላይ ልድፋው ወይ?" አሉኝ።

"እንደ አገራችን ያድርጉት፣ እትዬ!"

እንደ አገራችን። እናቴ ቅል ነው የምታጥነው፤ እትዬ ዘሃራም ዕድሜያቸውን ሁሉ ያጠኑት ቅልና ሸክላ ነው። እኔ ግን ቆርቆሮ ነው የሰጠኋቸው። ያኔ ያ ነገር በሐሳቤ አልመጣም። በሐሳቤ የነበረው የእናቴ እጅ ነው፤ ዕቃውን ደፍታ በቀሚሷ ጫፍ ስትይዘው። መኪናውን አንሥቼ ቦታ ፍለጋ ሰፈሩን አራት ጊዜ ዞርኩ። በአራተኛው ዙር ቤንዚን ማደያው ጋ ስደርስ ትዝ አለኝ። መኪናውን እዚያው መሀል ላይ ትቼው ሮጥኩ።

እትዬ ዘሃራ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆመዋል። "ምን ዓይነት ዕቃ ነው ያመጣህብኝ?" አሉኝ። የዋንጫው ቂጥና ግማሽ ጎኑ ብቻ ተጣሞ ቀርቷል። ከንፈሩ ከሰሉ መሀል ገብቶ አመዱ ውስጥ እንደ ፈሰሰ ውሃ ያብረቀርቃል። ጥርሱ የነበረበት ነው መጀመሪያ የሄደው፤ ወደ ፍሙ የተደፋው በአፉ ነዋ። እሳቸው ያለቅሳሉ፤ እኔ አመዱን በማንኪያ እበጠብጣለሁ፤ ስርጉዷን ላገኛት ይመስል። "ጥፋቱ የኔ ነው፣ እትዬ" አልኳቸው። አላመኑኝም። እስኪሞቱ ድረስ ባዩኝ ቁጥር ያንን ያነሡ ነበር።

እሑድ ከሰዓት፣ ነርሷ ከሄደች በኋላ፣ ሱቁን ከፍቼ ገባሁ። ጋሼ ኤሚል ከጀርባው ክፍል መድኃኒቱ አስተኝቷቸዋል፤ ሲተነፍሱ ይሰማኛል። ፍርፋሪውን ሁሉ በጭልፋ አቀለጥኩ፣ አመዱን ገፈፍኩ፣ ጋዜጣ ነከርኩ። ጎደለብኝ፤ ከሱቁ ቆርቆሮ ጨመርኩበት። በናሱ ቅርጽ አፈሰስኩት፤ ሲረጋ ማሽን ላይ አውጥቼ ፋቅኩት። በዕድሜዬ ከሠራሁት ሁሉ የተዋጣልኝ ሥራ እሱ ነው ብል አልዋሽም፤ ምን ዋጋ አለው። ከዚያ መብሻ አንሥቼ ቁራጭ ቆርቆሮ ላይ የጥርስ ምልክት ሞከርኩ። ምስማር የነካው ይመስላል። እንደገና ሞከርኩ። የሕፃን ጥርስ ማስመሰል አቃተኝ። ዓይናቸው አያይም፣ ላይታወቃቸው ይችላል ብዬ ራሴን አታለልኩ፤ በሕይወታቸው ሙሉ ያንን ከንፈር በጣታቸው እንጂ በዓይናቸው እንደማያዩት እያወቅኩ።

ሰኞ ከሰዓት ወተቱን ከእትዬ ዘሃራ ቤት በታጠነ ቅል አመጣሁ፤ ሞቅ አድርጌ በዋንጫው ቀዳሁላቸው። ትራሳቸውን ደግፌ አቀናኋቸው። መጀመሪያ አሸተቱት። "ይሄ ነው ጭሱ?" አሉ። "ይሄ ነው" አልኩ። ከዚያ አውራ ጣታቸው ጉዞ ጀመረ። ከንፈሩን አንድ ጊዜ ዞረው። የት ላይ ማቆም እንደነበረበት እኔም አውቃለሁ። አላቆመም። ሁለተኛ ዞረ፤ በዝግታ። ከዚያ ጣታቸውን አነሡ።

"ሰይድ" አሉኝ፣ "የምትነግረኝ ነገር አለ?"

"የለም፣ ጋሼ።"

"ምንም?"

"ምንም።"

ፊታቸውን ወደ ጣራው መለሱ። ቁጣ አልነበረም ፊታቸው ላይ፤ ቢኖርማ ይቀለኝ ነበር። ዋንጫውን በሁለት እጃቸው ይዘው ጠጡ። ወተቱ ካለቀም በኋላ ከአፋቸው አላወረዱትም። ክንዳቸው ይንቀጠቀጣል፤ ጥርሳቸው ብረቱ ላይ ሲጋጭ ይሰማኛል። ያረጁ ቢሆኑም የፊት ጥርሶቻቸው የራሳቸው ነበሩ፤ ይኮሩባቸው ነበር። በርዷቸው መስሎኝ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳብኩላቸው። ቆይተው ዋንጫውን ዘረጉልኝ። ደክሟቸዋል፣ ግንባራቸውን አልቧቸዋል።

"እናትህ ልክ ናት፤ ይጣፍጣል" አሉ። "አሁን ዋንጫህን ይዘህ ሂድ። ቤትህ እጠበው። ሞረድ እንዳታስነካው።"

አመሻሹ ላይ ወጥ ቤቴ ውስጥ ቧንቧ ከፍቼ ሳጥበው አውራ ጣቴ ተደናቀፈ። ወደ መብራቱ አቀረብኩት። ከንፈሩ ላይ ሁለት ስርጉድ አለ፤ ከጎኑ ደግሞ ደብዘዝ ያለ ሦስተኛ። የሕፃን አይደለም፤ ሰፋ ያለ የሽማግሌ ጥርስ ነው፤ አዲስ ስለሆነ ይብለጨለጫል። ውሃው እየፈሰሰ መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። አልቅሼ ስነሣ መታጠቢያው ሞልቶ ወለሉን አርጥቦት ነበር።

በማግስቱ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ያዝኩ፤ መኪና ለመንዳት ራሴን አላመንኩም። የምለውን መንገድ ላይ በእንግሊዝኛ ሳዘጋጅ፣ አልበቃ ሲለኝ በአማርኛ ስል፣ ዳቦ ቤቱ ጋ ደረስኩ። በሩን የከፈተችልኝ ነርሷ ናት። አንሶላውን ጠቅልላ በእጇ ይዛዋለች፤ ከኋላዋ አልጋው ባዶ ነው።

ይህን ሁሉ ለሐያት የነገርኳት እሑድ፣ የቀሩትን ካርቶኖች ልትወስድ ስትመጣ ነው። እጇን ይዤ ጣቷን ከንፈሩ ላይ አስቀመጥኩላት። ስርጉዷን ዳሰሰችና ለረጅም ጊዜ አላነሣችም።

"ባባ፣ ሶ ያውቅ ነበር?"

"ያውቁ ነበር።"

"ታዲያ እዚያው ለምን ሶሪ አላልከውም?"

ሐያት ተነሥታ ከልብሶቼ መሀል አንድ ወፍራም ካልሲ ፈልጋ ዋንጫውን ከተተችበት። እኔም ያኔ ነው መልስ የሰጠኋት።

"ነገ ጠዋት እላለሁ ብዬ።"